ጅቡ እስኪያልፍ ዝም ያለው ውሻ፦ የአንጎል ግንድ የእንስሳትን ድምፅ እንዴት ይገታል?

በመሀል አዲስ አበባ፣ በተለይም ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች በተነሱባቸው የፒያሳና የካዛንቺስ አካባቢዎች ዙሪያ፣ የሌሊት የውሻ ጩኸት የዘወትር መነጋገሪያ ሆኗል። አንዱ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ውሾች በሐዘን ያላዝናሉ ይላል፤ ሌላው ውሻ የሚያላዝነው ሞት ሲታየው ነው የሚለውን የቆየ እምነት ያነሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ የረሀብና የቁጥር መብዛት ብቻ ነው ብሎ ይከራከራል። በዚህ ላይ የቻይናው ኩባንያ ባይዱ የእንስሳትን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሰው ቋንቋ የሚመልስ ሥርዓት ለማስመዝገብ ማመልከቱ በ2025 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከተሰማ ወዲህ፣ «ውሻው ምን እያለ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቀልድ ወደ ቁም ነገር ተሸጋግሯል።

እነዚህ አስተያየቶች እርስ በርሳቸው ቢለያዩም በአንድ ያልተነገረ ግምት ይስማማሉ፤ ይኸውም መጮኽ ሥራ፣ ዝም ማለት ግን ሥራ መፍታት ነው የሚል ነው። የነርቭ ሳይንስ ያከማቸው ማስረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ዝምታ አንጎል በየቅጽበቱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ድምፅም ብዙ ጊዜ የሚወጣው አንድ ነገር ስለገፋው ብቻ ሳይሆን ይዞት የነበረው ነገር ስለለቀቀውም ጭምር ነው።

«ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደነፋን ሰው ለመንቀፍ የሚነገር ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ትዝብት ትክክለኛ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ወይም በቀበና ወንዝ ዳር የሚያድር ዘበኛ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ነፋሱ የጅብ ሽታ ሲያመጣ ውሻው ጭራውን ይወሽቃል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ የማጅራቱ ፀጉር ይቆማል፤ አፉን ግን አይከፍትም። ጅቡ ርቆ ሲሄድ ደግሞ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። በሁለቱ ቅጽበቶች መካከል የውሻው ሳንባ አልተለወጠም፣ ጉሮሮውም ያው ነው፣ ፍርሃቱም ቢሆን ገና ጨርሶ አልለቀቀውም። የተለወጠው የድምፁን መንገድ ጨምድዶ ይዞ የነበረው መግቻ ነው።

አንድ በር፣ ሦስት ጌቶች

አጥቢ እንስሳት ድምፅ የሚያወጡት በማንቁርት ነው። ማንቁርት በመተንፈሻ ቱቦ አናት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በውስጡ የድምፅ አውታሮች የሚባሉ ሁለት የሥጋ እጥፋቶች አሉ። እንስሳው አየር ሲስብ እጥፋቶቹ ይከፈታሉ፤ ድምፅ ሲያሰማ ይቀራረቡና በመካከላቸው የሚያልፈው አየር ያርገበግባቸዋል፤ ሲውጥ ደግሞ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ። ምግብ ወይም ውኃ «ትን አለኝ» የምንለው ይህ የመጨረሻው ሥራ ለቅጽበት ሲስተጓጎል ነው።

እንግዲህ አንድ ጠባብ በር ለትንፋሽ፣ ለመዋጥና ለድምፅ ይታዘዛል ማለት ነው። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሊያዝዙት አይችሉም። ውሻ አንድ ጊዜ «ው» ለማለት የድምፅ አውታሮቹን ማቀራረብ፣ የሆድና የጎድን ጡንቻዎቹን መጭመቅ፣ መንጋጋውን መክፈትና አየር የሚስበውን ድያፍራም ማዝናናት ይኖርበታል፤ ይህ ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይከናወናል። ከትእዛዞቹ አንዱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢደርስ ውጤቱ ጩኸት ሳይሆን ሳል ወይም መታነቅ ነው።

አብዛኞቹ እንስሳት ድምፅ የሚያሰሙት አየር በሚያስወጡበት ጊዜ ነው። አህያ ከዚህ ደንብ ወጣ ትላለች፤ ስታናፋ አየር ወደ ውስጥ ስትስብም ወደ ውጭ ስታስወጣም ድምፅ ታወጣለች፤ በመርካቶ ዙሪያ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ ከፍና ዝቅ የሚል የማናፋት ምት የሚመጣው ከዚህ ነው። ድመትም ስታንኮራፋ እንዲሁ በሁለቱም አቅጣጫ ድምፅ ታሰማለች። እነዚህ ልዩ ሁኔታዎች የሚያስተምሩት ድምፅን ከትንፋሽ ጋር የማጣመሩ ሥራ በራሱ የሚሆን ነገር አለመሆኑን፣ ይልቁንም አንድ አስተባባሪ እንደሚያስፈልገው ነው።

አስተባባሪው የት ነው?

የአንጎል ግንድ የሚባለው ትልቁን አንጎል ከህብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። ከላይ ወደ ታች መካከለኛ አንጎል፣ ፖንስና ሜዱላ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በሰው ላይ ርዝመቱ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ መዋጥ፣ ማስነጠስና ማስመለስ ሁሉ የሚመሩት በዚህ ጣት በሚያህል አካል ውስጥ ነው።

ትልቁ አንጎላቸው በቀዶ ጥገና ከግንዱ የተለየባቸው ድመቶች ሊያጉረመርሙና ሊጮኹ እንደሚችሉ ተመራማሪዎች ካወቁ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሆኗል። ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሩዶልፍ ሄስ ቀጫጭን ሽቦዎችን በድመቶች አንጎል ጥልቅ ክፍሎች ውስጥ እየተከለ ጥቂት ኤሌክትሪክ በመላክ፣ ጠላት የተደቀነባት ይመስል ፀጉሯን ነፍታ የምትተነፋነፍ ድመት ለማሳየት ችሏል፤ ለዚህና ለተያያዙ ሥራዎቹ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በኋላም በጀርመን የጎቲንገን የፕራይሜት ማዕከል የሠራው ኡቬ ዩርገንስ፣ የደቡብ አሜሪካ ትንንሽ ጦጣዎችን ለአሥርታት በማጥናት የድምፅን መንገድ ከላይ እስከ ታች ዘርዝሮ አወጣ።

ከሰው ልጅም ተመሳሳይ ማስረጃ አለ። ከትልቁ አንጎል አብዛኛው ክፍል ሳይፈጠርላቸው የሚወለዱ ሕፃናት ለአጭር ጊዜ በሕይወት በሚቆዩበት ወቅት ማልቀስ ይችላሉ። በስትሮክ ምክንያት ንግግር ያጣ ሰውም ሳይፈልግ ሊስቅ ወይም ሊያለቅስ ይችላል። ንግግርና ለቅሶ ከአንድ ጉሮሮ ቢወጡም የሚነሱበት መንገድ የተለያየ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ጣቢያዎችን መለየት ለቀጣዩ ማብራሪያ ይጠቅማል። የመጀመሪያው በመካከለኛው አንጎል ውስጥ፣ ፈሳሽ የሚተላለፍበትን ቀጭን ቦይ ዙሪያውን የከበበው ግራጫ ክፍል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፔሪአኩዌዳክታል ግሬይ ሲሆን በዚህ ጽሑፍ «ግራጫው ክፍል» እንለዋለን። ይህ ክፍል ሰፊ ጉዳት የደረሰበት እንስሳ ድዳ ይሆናል። ሁለተኛው ጣቢያ ከግንዱ ታችኛ ጫፍ፣ በሜዱላ ውስጥ የሚገኘው ሬትሮአምቢገስ የሚባል የሕዋሳት ስብስብ ነው። ግራጫው ክፍል ይሁንታውን ይሰጣል፤ ሬትሮአምቢገስ ደግሞ ይሁንታውን ወደ ማንቁርትና ወደ ሆድ ጡንቻዎች ትእዛዝ ይለውጣል። ነገሩን እንዲህ ማቅለል ጥቂት እውነት ያጎድላል፤ የጎደለውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሞተሩ እየሠራ በፍሬን የቆመ አውቶቡስ

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። አንዳንዶቹ ኬሚካሎች ተቀባዩን ሕዋስ ያነቃሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ይገቱታል። ከገቺዎቹ ዋነኞቹ ጋባና ግላይሲን ይባላሉ። አንድ ገቺ ሕዋስ ጋባ ወይም ግላይሲን ሲለቅ ክሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው ወደ ተቀባዩ ሕዋስ ይገባና ሕዋሱ በቀላሉ እንዳይነሳ ያደርገዋል። ስለዚህ «ግታት» ስንል ድካምን ወይም መፍዘዝን ማለታችን አይደለም። ገቺው ሕዋስ ራሱ ጉልበት እያወጣ በትጋት እየሠራ ነው፤ የሥራው ውጤት ግን የሌላው ዝምታ ነው።

ይህ መግቻ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አዲስ አበባ ሳታውቀው ለዓመታት አይታዋለች። ባለቤት አልባ ውሾችን ለማጥፋት በሥጋ እየተለወሰ ይጣል የነበረው ስትሪክኒን የተባለ መርዝ የሚሠራው የግላይሲንን መቀበያ በመዝጋት ነው። መርዙ ጡንቻን በቀጥታ አይመታም፤ የሚያደርገው ፍሬኑን መንቀል ነው። ፍሬኑ ከተነቀለ በኋላ ትንሽ ንክኪ ወይም የበር ድምፅ መላ አካልን እንደ ቀስት ያገትራል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻዎች መላላት ስለሚያቅታቸው እንስሳው ይታፈናል። በማለዳ በመንገድ ዳር ደርቆና ተገትሮ የተገኘ ውሻ ያየ ሰው፣ ግታት የሌለበት የነርቭ ሥርዓት ምን እንደሚመስል አይቷል።

ወደ ድምፅ ስንመለስ ደግሞ ጉዳዩ አንድ እርከን ይወሳሰባል። ከፒያሳ ወደ ለገሐር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ላይ ሞተሩ እየሠራ በእጅ ፍሬን የቆመ አውቶቡስ እናስብ። እንዲንቀሳቀስ የግድ ነዳጅ መስጠት አያስፈልግም፤ ፍሬኑን መልቀቅ ብቻ ይበቃል። በአንጎል ግንድ ውስጥም እንዲሁ ገቺውን የሚገታ ሌላ ሕዋስ አለ። ገቺው ሲገታ የታሰረው ይፈታል። ሳይንቲስቶች ይህን ድርብ አሠራር «የግታት መነሳት» ብለው የሚጠሩት ሲሆን፣ በአማርኛችን ፍሬን መልቀቅ ቢባል ይቀላል።

ይህ ምሳሌ ብቻ እንዳልሆነ ያረጋገጡት በቅርቡ በአይጦች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ናቸው። ወንድ አይጥ ሴት ሲያይ የሰው ጆሮ የማይደርስበት፣ ከ20 ኪሎኸርትዝ በእጅጉ የሚበልጥ ቀጭን ዜማ ያሰማል። በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ቺዳ ከሪቻርድ ሙኒ፣ ከፋን ዋንግና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር በ2019 ባወጣችው ጥናት፣ በግራጫው ክፍል ውስጥ ለዚህ ዜማ ብቻ የሚነሱ ሕዋሳት ተለይተው ታወቁ። ሕዋሳቱ በሰው ሠራሽ መንገድ ሲነቁ አይጡ ሴት በሌለችበት ይዘምራል፤ ሲዘጉ ደግሞ ሴት እያየና እየተከተለ ፈጽሞ ድዳ ይሆናል። ድዳ የሆኑትን ወንዶች ሴቶቹ እምብዛም አልቀረቧቸውም።

በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት ለርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል፤ እነዚያን ሕዋሳት ማን ይይዛቸዋል፣ ማንስ ይለቃቸዋል የሚለውን መርምሯልና። በአንጎል ሥር ከሚገኘውና መሠረታዊ ፍላጎቶችን ከሚመራው ሃይፖታላመስ ፊት ለፊት፣ ከጋብቻ ፍላጎት ጋር በተያያዘ አካባቢ የሚነሱ ገቺ ሕዋሳት ወደ ግራጫው ክፍል ይወርዱና በዚያ ያሉትን የአካባቢ ገቺዎች ዝም ያሰኛሉ፤ ፍሬኑ ይለቀቅና ዜማው ይጀምራል። በሌላ በኩል ስጋትን ከሚመዝነው አሚግዳላ የሚነሱ ገቺ ሕዋሳት የዜማ ሕዋሳቱን በቀጥታ ይገታሉ። ሁለቱም መልእክተኞች የሚናገሩት በገቺ ኬሚካል ነው፤ የአንዱ ውጤት ግን ድምፅ፣ የሌላው ዝምታ ነው። ልዩነቱ ያለው በቃሉ ሳይሆን ቃሉን በሚሰማው ሕዋስ ማንነት ላይ ነው።

በዚህ ጥናት ውስጥ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ አንድ ዝርዝር አለ። ከአሚግዳላ የሚመጣው መንገድ ሲነቃ አይጡ ዜማውን ያቋርጣል እንጂ ሴቷን መከተሉን አይተውም። ስለዚህ ዝምታው ከድንጋጤ የመጣ መፍዘዝ፣ ወይም የፍላጎት መጥፋት አይደለም። ድምፅ ብቻውን ተለይቶ ሊዘጋ ይችላል። ጅብ የሸተተው ውሻ ጆሮና አፍንጫው እየሠራ አፉ ብቻ የተለጎመበትን ምክንያት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ፍንጭ ማግኘት ይከብዳል። እርግጥ አይጥ ውሻ አይደለችም፤ ሆኖም ግራጫው ክፍልና አሚግዳላ በሁሉም አጥቢ እንስሳት ዘንድ ያሉና ተመሳሳይ ግንኙነት ያላቸው ስለሆኑ ንጽጽሩ መሠረት አለው።

ትንፋሽ ይቀድማል

እስካሁን ያየነው «ልጩህ ወይስ ዝም ልበል» የሚለውን ውሳኔ ነው። ከግንዱ በታችኛው ጫፍ ግን ሌላ ግታት አለ፤ እርሱም ከስጋትም ከፍቅርም ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው ከአየር ጋር ነው።

በሜዱላ ውስጥ ፕሪቦትዚንገር የሚባል የሕዋሳት ስብስብ አለ፤ አየር የመሳብን ምት የሚመታው እርሱ ነው። ተለይቶ የታወቀው በ1991 ሲሆን፣ ስሙ የመጣው ከጎረቤቱ ክፍል፣ የጎረቤቱም ስም በአንድ የጀርመን ስብሰባ ላይ ከቀረበ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ነው። ይህ ምት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሊቆም አይገባውም። የድምፅ አውታሮች ተቀራርበው ሳለ ደግሞ አየር እንደ ልብ መሳብ አይቻልም። ታዲያ ድምፅና ትንፋሽ በአንዱ በር ላይ ሲገናኙ ማን ለማን ይለቃል?

ከዱክ ወደ ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የተዛወረችው ፋን ዋንግና ባልደረቦቿ በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ሰጥቷል። በሬትሮአምቢገስ ውስጥ አውታሮቹን ለድምፅ የሚያቀራርቡ ሕዋሳትን ለይተው፣ ለብርሃን ምላሽ እንዲሰጡ ካደረጓቸው በኋላ በብርሃን ሲያነቁ አይጦቹ ዜማ አሰሙ፤ ብርሃኑ በረዘመ ቁጥር ዜማውና ዜማውን የተሸከመው ትንፋሽም አብረው ረዘሙ። ሕዋሳቱ ሲዘጉ ድምፅ ጠፋ። ነገር ግን ብርሃኑ ሳይጠፋ ቢቆይም አይጡ እስኪታፈን ድረስ አይዘምርም፤ አየር የመሳቢያው ጊዜ ሲደርስ አውታሮቹ በግድ ይከፈታሉ፣ አየር ይገባል፣ ከዚያ ዜማው ይቀጥላል። ምት መቺው ክፍል ለድምፅ ሕዋሳቱ የሚልከው ግታት «አሁን የኔ ተራ ነው» ይላቸዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን የገቺ ግንኙነት ከድምፅ ሕዋሳቱ ላይ ሲያስወግዱ የትንፋሽ የበላይነት ተናጋ፤ ድምፅና ትንፋሽም የነበራቸው ቅንጅት ላላ።

ረጅም ንባብ የሚያነብ ዲያቆን የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ በልምድ ያውቃል፤ ይህን በፈቃዱ ያደርጋል ብንልም፣ ከሥር ያለው ደንብ ግን ከአይጧ የተለየ አይደለም። ፈቃድ ቦታውን ሊመርጥ ይችላል እንጂ ትንፋሽን ጨርሶ ሊያስቀር አይችልም።

የሳውሳሊቶ ሌሊቶችና ዝም ያለው አውራ ዶሮ

ይህ አሠራር የአጥቢ እንስሳት ብቻ አለመሆኑ በሚያስገርም ሁኔታ ከአንድ የሰፈር አቤቱታ ጋር ይያያዛል። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ በተንሳፋፊ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች በበጋ ሌሊት የማያቋርጥ ጉምጉምታ እንቅልፍ ነሳን ብለው አማረሩ። የፍሳሽ ማስተላለፊያ ፓምፕ ነው፣ የጦር ኃይል ምስጢራዊ ሙከራ ነው ተባለ። በመጨረሻ ምንጩ ሚድሺፕማን የሚባል ዓሣ ሆኖ ተገኘ። ወንዱ ዓሣ በአየር ከረጢቱ ላይ ያሉትን ጡንቻዎች በሰከንድ ወደ 100 ጊዜ እያርገበገበ፣ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ሴት ይጠራል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው አንድሩ ባስና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ይህን ምት የሚያወጣው የዓሣው የኋላ አንጎል ነው፤ በዚያ ያሉት ሕዋሳትም የጋባና የግላይሲን ግታት ይደርሳቸዋል። ዓሣው ሳንባ የለውም፣ ማንቁርትም የለውም፤ ፍሬኑ ግን አለው። ይህም ፍሬኑ ከጉሮሮ ይልቅ የቆየ መሆኑን ያመለክታል።

ወደ ቤታችን ጓሮ ስንመለስ አውራ ዶሮ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2013 የዶሮ ጩኸት ንጋት ስለታየው ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለ የሰዓት ምት እንደሚመራ አሳዩ፤ በ2015 ደግሞ አብረው ከሚኖሩ አውራ ዶሮዎች ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ እንደሆነ፣ የበታቾቹም የእርሱን ጩኸት ጠብቀው በየማዕረጋቸው እንደሚከተሉ አስታወቁ። የሁሉም ሰዓት ደርሷል፤ የሁሉም ጉሮሮ ዝግጁ ነው፤ ነገር ግን ይጠብቃሉ። አንድ ዶሮ ብቻ በምናይበት ግቢ ይህ ዝምታ አይታወቀንም።

ገና ያልተቋጩ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር ግራጫው ክፍል በር ብቻ ነው ወይስ ዜማም ይደርሳል በሚለው ላይ ነው። በሩ ብቻ ነው የሚሉት ወገኖች ክፍሉ «ጀምር» ወይም «አቁም» ይላል እንጂ የድምፁን ቅርጽ የሚሠሩት የታችኞቹ የሜዱላና የፖንስ መረቦች ናቸው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የክፍሉ የተለያዩ ቦታዎች ሲነኩ የተለያየ ዐይነት ድምፅ መውጣቱን ጠቅሰው፣ ይሁንታው ውስጥ ይዘትም እንዳለ ይከራከራሉ። የአይጦቹ ሙከራ ለመጀመሪያው ወገን፣ የጦጣና የድመት የቀድሞ ሙከራዎች ለሁለተኛው ያደላሉ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ልዩነቱ ከፊሉ ከእንስሳቱ የድምፅ ብዛት የመጣ ነው፤ አንድ ዋና ዜማ ካለው ይልቅ ለጠላት፣ ለልጅና ለምግብ የተለያየ ድምፅ ያለው እንስሳ ብዙ በሮች ቢኖሩት አያስገርምም።

ሁለተኛው የድመት ማንኮራፋት ነው። የማንቁርት ጡንቻዎች በአንጎል ትእዛዝ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ጊዜ እየተኮማተሩ ድምፁን ይፈጥራሉ የሚለው ማብራሪያ ለአሥርታት ተቀባይነት ነበረው። በ2023 ክርስቲያን ኸርብስትና ባልደረቦቹ ከሞቱ ድመቶች የተወሰደ ማንቁርት ውስጥ አየር በመንፋት ብቻ፣ ያለ አንዳች የነርቭ ትእዛዝ፣ ያንኑ ዝቅተኛ ድምፅ አገኙ። ይህ የነርቭን ሚና አያስቀርም፤ በሕይወት ያለች ድመት ማንኮራፋቷን የሚጀምረውና የሚያቆመው አሁንም አንጎሏ ነው። ነገር ግን በድምፅ ውስጥ የምንሰማውን ሁሉ ለነርቭ መስጠት ስሕተት መሆኑን ያስታውሳል።

ሦስተኛው ክርክር ፈቃድን የሚመለከት ነው። እንስሳት ድምፃቸውን ፈጽሞ በፈቃድ አይቆጣጠሩም የሚለው የቆየ አመለካከት ዛሬ እንደ ቀድሞው አይጸናም። በ2013 በጀርመን የሠለጠኑ ጦጣዎች ምልክት ሲታያቸው ብቻ ድምፅ ለማሰማት ችለዋል፤ ማርሞሴት የተባሉት ትንንሽ ጦጣዎችም ሌላ ድምፅ ጣልቃ ሲገባባቸው የጀመሩትን ጥሪ በመሀል ሊያቋርጡ እንደሚችሉ በ2018 ተረጋግጧል። በሰው ላይ ልዩ የሚሆነው የአንጎል ቅርፊት የማንቁርት ነርቮችን ወደሚያዙት የሜዱላ ሕዋሳት በቀጥታ የሚወርድ ጠንካራ መስመር ያለው መሆኑ ነው፤ ይህ መስመር በድመት የለም፣ በጦጣም ቢኖር የሳሳ ነው። እኛ ፍሬኑን አልፈን መሪውን የምንይዝበት ተጨማሪ መንገድ አለን፤ ነባሩ ፍሬን ግን ከሥር ቀጥሏል። የስሜን ተራሮች ጭላዳ ከንፈሩን እያርገበገበ የሚያወጣውና በምቱ ከሰው ንግግር ጋር የሚመሳሰለው ድምፅ የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበውም ይህ ርቀት የቱን ያህል እንደሆነ ለመለካት ስለሚረዳ ነው።

ለከተማው ክርክር ምን ይጨምራል?

አንደኛ፣ የውሻ ጩኸት ብዛት የክፋት ወይም የሐዘን መለኪያ ሆኖ መቅረቡ ያጠራጥራል። ግቢ፣ የለመደ ሰውና የታወቀ ሽታ የነበረው ውሻ ለእያንዳንዱ ኮቴ አይጮኽም፤ ለለመደው ነገር መግቻው ይበረታል። ቤቱ ሲፈርስ የለመደው ነገር በሙሉ በአንድ ሳምንት ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ኮቴ አዲስ ይሆናል። አንዱ ሲጀምር የሌሎቹም ፍሬን ይላላል፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያስተጋባውም ስለዚህ ነው። «ሐዘን» የሚለው ቃል ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ሊገልጽ ይችላል፤ «ሟርት» የሚለው ግን ከሚገልጸው የሚሸፍነው ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የከተማው ጫጫታ ራሱ ድምፅን ከፍ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ በ1911 ሰዎች በጫጫታ መሀል ሳያውቁት ድምፃቸውን እንደሚያጎሉ አሳየ፤ በሜክሲኮ አደባባይ የሚጣራ ወያላ ወደ ቤቱ ገብቶም ለጥቂት ጊዜ ጮክ ብሎ የሚያወራው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ይኸው ምላሽ ትልቁ አንጎላቸው በተወገደ ድመቶች ላይ ሳይቀር መታየቱ፣ ነገሩ እስከ አንጎል ግንድ የሚወርድ መሆኑን ያረጋግጣል። ሌሊት በሚሠራ የግንባታ ማሽን አጠገብ ያለ ውሻ ጮክ ብሎ ቢጮኽ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በአንዳንድ አገሮች የውሻን የድምፅ አውታር በቀዶ ጥገና መቁረጥ እንደ መፍትሔ ሲወሰድ ኖሯል፤ በ1987 የወጣው የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ይከለክለዋል። ቀዶ ጥገናው ከመንገዱ ጫፍ ያለውን ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ግራጫውን ክፍልም፣ ሬትሮአምቢገስንም አይነካም። ውሻው ሆዱን እየጨመቀ፣ አፉን እየከፈተ መጮኹን ይቀጥላል፤ የሚሰማው ግን የሻከረ ሹክሹክታ ነው። ጎረቤት ያርፋል፣ የውሻው አንጎል አያርፍም።

ስለ ተርጓሚ መሣሪያዎቹም አንድ ነገር ማለት ይገባል። መሣሪያው የሚማረው ከተቀዳ ድምፅ ነው። ጅቡ በሚያልፍባቸው ደቂቃዎች ውሻው የያዘውን ዝምታ ማንም አይቀዳውም፤ የበታቹ ዶሮ የዋጠውም ጩኸት በመዝገቡ ውስጥ የለም። እንስሳው ከሚያውቀው ነገር ግማሹ በፍሬኑ ውስጥ ያለ ከሆነ፣ ጩኸቱን ብቻ የሚሰማ ተርጓሚ ምን ያህሉን እንደሚያገኝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለመሀል ከተማው ነዋሪ ከሁሉ የሚበልጠው ተግባራዊ ነጥብ ግን ጩኸቱ መብዛቱ ሳይሆን መለወጡ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከንክሻው ቦታ ተነስቶ በነርቭ ውስጥ እየተጓዘ አንጎል ሲደርስ፣ የማንቁርትና የመዋጫ ጡንቻዎችን የሚያዙትን ሕዋሳት ያውካል። ውሻው ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ መንጋጋው ሊወድቅ ይችላል፣ ድምፁም ይጎረናል ወይም መሀል ላይ ተቆርጦ ወደ ማላዘን ይለወጣል። ትናንት በጥራት ይጮኽ የነበረ ውሻ ዛሬ ድምፁ ሰልሎ ከተገኘ ጉንፋን ነው ብሎ አፉን ከፍቶ ማየት አደገኛ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት፤ የሕመሙ ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነውና። ውሻው ሞቶ ወይም ተገድሎ ወደ ቤተ ሙከራ ሲወሰድ፣ ነዋሪው እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ በሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌላ አገር፣ ለምርመራው በቅድሚያ ከሚፈለጉት ናሙናዎች አንዱ የሚወሰደው ከአንጎል ግንድ ነው።